ነፍሰ ጡር እናትና የአልትራሳውንድ ምርመራ፦ ዐውቆ መምረጥ ምን ማለት ነው?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮምቦልቻ ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ አንዲት ወጣት እናት ቀርባ ምክር ጠየቀችኝ። የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። በጤና ጣቢያ የምትከታተላት አዋላጅ ነርስ ወደ ደሴ ወጥታ አልትራሳውንድ እንድትታይ ነግራታለች፤ ቡና አጣጭ ጎረቤቶቿ ግን «ልጁ ጉድለት ካለበት አስወርጂው ይሉሻል፤ ምን አስኬደሽ?» ብለው አስፈራርተዋታል። «ጋሼ፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። እኔም ብዙ ሳላሰላስል «ልጄ፣ ነገሩን ለእግዚአብሔር ተዪው፤ እርሱ የሰጠሽን መቀበል ነው» ብዬ አሰናበትኋት።

ያን ጊዜ መልሴ የእምነት መልስ መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ ሳስበው ግን የመለስሁት የራሴን ፍርሃት እንጂ የእርሷን ጥያቄ እንዳልነበረ ተረዳሁ። እርሷ የጠየቀችኝ ስለ ምርመራው ነው፤ እኔ የመለስሁላት ስለ ፅንስ ማስወረድ ነው። ምርመራው ምን እንደሚጠቅም፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ አልነገርኋትም፤ እኔም አላውቀውም ነበርና። እናቲቱ በሰላም ተገላግላለች፤ ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን። ነገር ግን በሰላም መገላገሏ የእኔን መልስ ትክክለኛ አያደርገውም።

ሕዝባችን እርጉዝ ሴትን ነፍሰ ጡር ይላታል፤ ሌላ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ሸክሙን የምትሸከመው እርሷ ስለሆነች፣ ስለ ሸክሙ እውነቱን የማወቅ መብት ከሁሉ በፊት የእርሷ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ዐውቃ እንድትመርጥ መርዳት የሐኪሞች ሥራ ብቻ ሳይሆን የእኛም ግዴታ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. መሣሪያው ከየት መጣ?

አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ማስተጋባት ወደ ምስል የሚለውጥ መሣሪያ ነው። እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ በሠለጠነ ባለሙያ ለሕክምና ዓላማ ሲሠራበት በእናትም ሆነ በፅንሱ ላይ የሚያደርሰው የታወቀ ጉዳት የለም።

አመጣጡ ሊያስተምረን ይችላል። በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ የማሕፀን ሐኪም የነበረው ኢየን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1955 በቀዶ ሕክምና የወጡ እባጮችን ይዞ ቦይለር ወደሚሠራ ፋብሪካ ሄደ። በፋብሪካው በብረት ውስጥ የተሠወረን ስንጥቅ በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ ነበር። ሐኪሙ ይህ መሣሪያ በሰው ሥጋ ውስጥ ያለውንም ነገር ሊለይ እንደሚችል አየ። ከመሐንዲሱ ቶም ብራውንና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር ሠርቶም የሥራቸውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ መጀመሪያ የብረትን እንከን መፈለጊያ ነበር። እንከን የተገኘበት ብረት ይጣላል፤ ሕፃን ግን ብረት አይደለም። አንዱ ሰው በምስሉ ላይ የሚረዳውን ልጅ ያያል፤ ሌላው ደግሞ የሚጣል ዕቃ ያያል። ልዩነቱ ያለው በተመልካቹ ልብ ነው። ዶናልድ ራሱ የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣውን ፅንስ ማስወረድን የሚፈቅድ ሕግ አጥብቀው ከተቃወሙት ሐኪሞች አንዱ ነበር። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1959 የዳውን ሲንድረምን መንሥኤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለዓለም ያሳወቀው ካቶሊካዊው ፈረንሳዊ ሐኪም ዤሮም ልዠን፣ ግኝቱ እነዚያን ሕፃናት ለማከም እንጂ ለማጥፋት እንዳይውል ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል።

2. ምርመራው ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንድታደርግ ይመክራል። ጥቅሙ ብዙ ነው። ብዙ እናቶቻችን የእርግዝናቸውን ዕድሜ የሚቆጥሩት «ከፍልሰታ ወዲህ» ወይም «ከረመዳን በፊት» እያሉ ስለሆነ ምርመራው የፅንሱን ዕድሜ በተሻለ ሁኔታ ያሳውቃል፤ ቀደም ብሎ ሲደረግም ግምቱ ይበልጥ ትክክለኛ ይሆናል። መንታ መኖሩን፣ እርግዝናው ከማሕፀን ውጭ መሆኑን፣ የእንግዴ ልጅ የማሕፀንን አፍ መዝጋቱን ይለያል። ይህ የመጨረሻው ችግር ሳይታወቅ እናቲቱ በቤቷ ምጥ ቢይዛት ደም ፈስሷት ልትሞት ትችላለች፤ አስቀድሞ ከታወቀ ግን በሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ትገላገላለች።

ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ የፅንሱን አካል ለማየት ይረዳል። የራስ ቅል ሳይሠራ መቅረቱ፣ የአከርካሪ አጥንት ሳይዘጋ መቅረቱ፣ በጭንቅላት ውስጥ ውኃ መቋጠሩ፣ አንዳንድ የልብ ችግሮችም ሊታዩ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ምርመራው ሁሉን አያሳይም። ዕውርነትና ድንቁርና በአብዛኛው በዚህ መንገድ አይታወቁም፤ የዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ፅንሶችም ምንም ግልጽ ምልክት ላያሳዩ ይችላሉ። ውጤቱ በመሣሪያው ጥራት፣ በባለሙያው ሥልጠናና በፅንሱ አቀማመጥ ላይ ይወሰናል። በጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስ የሚደረገው አጭር ምርመራና በሆስፒታል በስፔሻሊስት የሚደረገው ዝርዝር ምርመራም እኩል አይደሉም።

ከዚህ ሌላ የልየታ ምርመራና የማረጋገጫ ምርመራ መለየት አለባቸው። ልየታ «ያጠራጥራል» ይላል እንጂ «ነው» አይልም። ለማስረዳት ያህል ብቻ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ከ1,000 ነፍሰ ጡሮች መካከል የ5ቱ ፅንስ ከባድ ችግር አለበት እንበል። ልየታው ከ5ቱ 4ቱን ያገኛል፤ ከቀሩት 995 ጤነኞች መካከል ግን 20ውን በስሕተት ይጠረጥራል እንበል። «ያጠራጥራል» የተባሉት እናቶች በጠቅላላው 24 ሲሆኑ፣ በእርግጥ ችግር ያለው በ4ቱ ላይ ብቻ ነው። «ደህና ነው» ተብለው ከተሸኙትም መካከል አንዷ ችግር ያለበት ልጅ ትወልዳለች። ይህን ያልተነገራት እናት «ያጠራጥራል» የሚለውን ቃል እንደ ፍርድ ሰምታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ማረጋገጫውም ዋጋ አለው። ለምሳሌ ከሽርት ውኃ በመርፌ ናሙና የሚወሰድበት ምርመራ አልፎ አልፎ ፅንሱን ለውርጃ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ምርመራ ሌላውን እንደሚያስከትል ከመነሻው ማወቅ ይገባል።

3. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ይህን ምርመራ የምትከለክል ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። የእምነት ትምህርት ጉባኤ እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 1987 «የሕይወት ስጦታ» በሚል ርእስ ባወጣው ሰነድ፣ ከልደት በፊት የሚደረግ ምርመራ የፅንሱን ሕይወትና አካል የሚያከብር፣ እርሱን ለመጠበቅ ወይም ለመፈወስ የታሰበ ከሆነ የተፈቀደ መሆኑን አስተምሯል። ወላጆች በሚገባ ከተነገራቸው በኋላ መፍቀድ እንዳለባቸውም በግልጽ አስቀምጧል። ዐውቆ መፍቀድ የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ከውጭ የመጣብን አይደለም፤ የራሳችን ትምህርት ነው።

ያው ሰነድ ምርመራው «ጉድለት ከተገኘ አስወርዳለሁ» በሚል አሳብ ከተደረገ ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት መሆኑን ያስተምራል። በዚህ አሳብ እናቲቱን የሚገፋፋ ባል፣ ዘመድ ወይም ባለሙያም ከጥፋቱ ነፃ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1995 በጻፉት «ወንጌለ ሕይወት» ደግሞ፣ በእናትና በልጅ ላይ ከጥቅሙ የሚበልጥ አደጋ የማያመጣ ምርመራ ሕክምናን ለማፋጠን፣ ወይም ወላጆች የሚወለደውን ልጅ በሰከነ ልብና በዕውቀት እንዲቀበሉ ለመርዳት ሲሆን ተገቢ እንደሆነ አመልክተዋል።

እዚህ ላይ «ምርጫ» የሚለው ቃል ያሰጋቸው ይኖራሉ። ዐውቆ መምረጥ ስንል ልጁን ማኖርና መግደል በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ሁለት እኩል ነገሮች ናቸው ማለታችን አይደለም። ነፃነት ከእውነት ከተለየ ነፃነት አይሆንም። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551፣ ፅንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት በሕክምና ተቋም የሚደረገውን ፅንስ የማቋረጥ ተግባር አይቀጣም። ሕግ ያልቀጣው ሁሉ ግን በእግዚአብሔር ፊት የቀና አይሆንም፤ ይህም ሕግ ቢሆን ማንንም እናት አያስገድድም። «ሕጉ ስለሚል ማስወረድ አለብሽ» የሚል ሰው ካለ ሐሰት ተናግሯል።

4. «ባታውቅስ አይሻልም ወይ?»

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። አንዳንድ ቅን ሰዎች፣ እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ፣ እንዲህ ያስባሉ፦ እናቲቱ ካላወቀች አታስወርድም፤ ካላስወረደች ልጁ ይድናል፤ ስለዚህ ባታውቅ ይሻላል። ይህ አሳብ የሚመነጨው ለሕፃኑ ከማሰብ በመሆኑ በንቀት ልናልፈው አይገባም። ቢሆንም ስሕተት ነው።

አንደኛ፣ እግዚአብሔር ራሱ እንዲህ አላደረገም። ቅዱስ ገብርኤል ወደ እመቤታችን በመጣ ጊዜ የሚሆነውን ነገራት እንጂ በጨለማ ውስጥ አልተዋትም። እርስዋም እንዴት ሊሆን እንደሚችል ጠየቀች፤ መልአኩም ጥያቄዋን እንደ ክሕደት ሳይቆጥር መለሰላት፤ ከዚያም ፈቃድዋን ሰጠች። የዓለም መድኃኒት የተፀነሰው ተነግሯት፣ ጠይቃ፣ ዐውቃ በፈቀደች ድንግል ማሕፀን ነው። ፈጣሪ የእናትን ፈቃድ እንዲህ ካከበረ እኛ እውነቱን ልንደብቅ ማን ነን?

ሁለተኛ፣ አለማወቅም ይገድላል። ጉድለቱን እንዳትሰማ ብለን ከምርመራ ያስቀረናት እናት፣ የእንግዴ ልጅ የማሕፀኗን አፍ መዝጋቱንም ሳትሰማ ትቀራለች። የአከርካሪ አጥንቱ ያልተዘጋ ሕፃን ቶሎ ሕክምና በሚገኝበት ቦታ ቢወለድ ቁስሉ ሳይመረዝ ሊዘጋለት ይችላል፤ ከሐኪም ርቆ ሲወለድ ግን ቀኖች ያልፋሉ።

ሦስተኛ፣ በአለማወቅ ከክፉ የተጠበቀ ሰው በጎውን ገና አልመረጠም። እናቲቱ እውነቱን ማወቋ አይቀርም፤ በወለደች ቀን፣ በደከመችበት ሰዓት፣ ያለ ዝግጅትና ብቻዋን ታውቀዋለች። የዚያን ድንጋጤ ዕዳ የሚከፍለው ሕፃኑ ጭምር ነው።

ነገር ግን ራሳችንን አንደልል። እውነቱን ከሰሙት መካከል አንዳንዶች ልጁን ላለመውለድ ይወስናሉ። ይህ የሚያሳዝን ሐቅ ነው። መድኃኒቱ ግን ዜናውን ማዳፈን አይደለም፤ ዜናውን የሰማችውን እናት ምን እንደሚጠብቃት ማየት ነው። ባሏ «የእኔ ዘር እንዲህ የለበትም» ብሎ ከሸሸ፣ ጎረቤት «እርግማን ነው» ካለ፣ እኛም የእሑድ ስብከት ብቻ ሰጥተን ከዞርን፣ ፍርሃቷ ከምርመራው ሳይሆን ከእኛ የመጣ ነው። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ የእርሱንም ሆነ የወላጆቹን ኃጢአት መንሥኤ አላደረገም። እኛ ግን እስከ ዛሬ በየቡናው «የማን ኃጢአት ነው?» እያልን እንጠይቃለን።

5. ከምርመራው በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሐኪም እንድትሆኑ አይጠበቅባችሁም። ምክር የጠየቀቻችሁን እናት ግን የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይዛ እንድትሄድ ልትረዱአት ትችላላችሁ።

ሀ. ይህ ምርመራ ምን ለማወቅ ነው የሚደረገው? የፅንሱን ዕድሜና አቀማመጥ ነው ወይስ የአካሉን ጤንነት?

ለ. ውጤቱ ምን ያህል ያስተማምናል? «ያጠራጥራል» ከተባለ ማን ደግሞ ያየኛል?

ሐ. ችግር ቢገኝ ምን ሕክምና አለ? የት? ከመውለዴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መ. ቀጥሎ የሚታዘዘው ምርመራ ለልጄ አደጋ አለው? እምቢ ማለት እችላለሁ?

ሠ. ውጤቱን ማን ይነግረኛል? ብቻዬን ልስማው ወይስ ከማምነው ሰው ጋር?

ስለ አራተኛው ጥያቄ አንድ ቃል እንጨምር። የራስንና የልጅን ሕይወት በተለመደው የሕክምና ክትትል መጠበቅ ግዴታችን ስለሆነ፣ የተለመደውን አልትራሳውንድ ያለ ምክንያት መተው አይመከርም። ሕክምና የማያስገኝ፣ አደጋ ያለበት ተጨማሪ ምርመራ ሲሆን ግን እናቲቱ «አልፈልግም፤ ልጄን እንደ መጣ እቀበለዋለሁ» ብትል ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ዐውቆ መምረጥ ዐውቆ መተውንም ይጨምራል።

በ2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ በፋብሪካ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች በአካባቢያችን በዝተዋል። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ደርሶ ለመመለስ ቀኑ ያልቃል፤ ብዙዎችም ደመወዝ ይቆረጥብናል ብለው ይቀራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ነፍሰ ጡር ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ስታቀርብ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንድታገኝ ያዝዛል። ይህን ለእኅቶቻችን መንገር ራሱ አንድ የምሕረት ሥራ ነው።

6. የቁምስናችን ዕዳ

በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በፓኪስታንና በጓቲማላ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በገጠር ጤና ጣቢያዎች አልትራሳውንድ መጨመሩ ብቻውን የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። መሣሪያ ብቻውን አያድንም፤ ከበስተኋላው ሆስፒታል፣ መንገድና ሰው ያስፈልጋል። እኛም ይህን በራሳችን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት የደሴ ሆስፒታልና ሌሎች የአካባቢው የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ፣ እናቶች ምርመራ ቀርቶ መውለጃ ቦታ አጥተው ተንከራተዋል። ዛሬ የተመለሰውን አገልግሎት እንደ ቀላል ነገር ልናየው አይገባም።

ከእኛ የሚጠበቀውስ ምንድን ነው? መጀመሪያ፣ መከላከል። የፅንሱ የአከርካሪና የአንጎል መሠረት የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን የሚያውቁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮ ግራም የፎሊክ አሲድ እንክብል ከእርግዝና በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት መውሰድ ይመከራል። የጋብቻ ዝግጅት ትምህርት የምትሰጡ ሁሉ ይህን ከምሥጢረ ተክሊል ትምህርት ጋር አብራችሁ ብታስተምሩ አልትራሳውንድ የሚያሳየውን አንዳንድ ሐዘን ከመምጣቱ በፊት ትከላከላላችሁ።

ሁለተኛ፣ የሚታከመውን ማወቅ። ቆልማማ እግር ገና በጨቅላነት በጄሶ ይቃናል፤ የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ በቀዶ ሕክምና ይዘጋል። እነዚህ የሞት ምክንያት ሊሆኑ አይገባም። የዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆችም ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ይወድዳሉ።

ሦስተኛ፣ የማይታከመው ሲመጣ አብሮ መቆም። ሕፃኑ ተወልዶ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚኖር ከሆነ እንኳ ያ ሰዓት የእርሱ ዕድሜ ነው። ስም ይሰጠው፤ እናቱ ትቀፈው። ካህን በማይደርስበት አስፈላጊ ጊዜ ማንኛውም ክርስቲያን ውኃ በራሱ ላይ እያፈሰሰ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ሊያጠምቀው እንደሚችል ለወላጆች አስቀድማችሁ አስተምሩ። ሲያርፍም «ገና ምኑን ኖረና» ሳንል እንቅበረው፤ እንደማንኛውም ሐዘንተኛም እናስተዛዝናት።

አራተኛ፣ የወደቀችውን አለመጣል። ተገፍታ ወይም ፈርታ ልጇን ያስወረደች እናት ወደ እኛ ብትመጣ የንስሐ በር ክፍት መሆኑን ከእኛ ፊት ላይ ታንብብ።

ሀገረ ስብከታችን በ2007 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ምእመናኑም በሰፊ አገር የተበተኑ ጥቂቶች ናቸው። ይህን ሁሉ በገንዘብ ልናደርገው አንችልም። ነገር ግን አንዲትን ነፍሰ ጡር ሐረጎን አብሮ ወጥቶ፣ ከምርመራው ክፍል ደጅ ተቀምጦ ጠብቆ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አብሮ መመለስ ከአቅማችን በላይ አይደለም። እመቤታችን ብሥራቱን ከሰማች በኋላ ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ሄዳ፣ ከነፍሰ ጡሯ ከኤልሳቤጥ ዘንድ ሦስት ወር ያህል ቆየች። ያችን ወጣት እናት ዛሬ ባገኛት «ልጄ፣ ሂጂ፤ ምን እንደምትጠይቂ ልንገርሽ፤ የሚሸኝሽ ከሌለም ባለቤቴ አብራሽ ትሄዳለች» እላት ነበር።

የሕይወት ባለቤት እግዚአብሔር ነፍሰ ጡሮቻችንን ይጠብቅልን፤ በምጣቸው ቀን እመቤታችን ትቅረባቸው፤ ለእኛም እውነትን በፍቅር የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።